የራጅና የአልትራሳውንድ ክፍልን እንዴት እንመዝን? ለባሕር ዳር ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ መምህር ነኝ። የአንድ የመንግሥት ሆስፒታልን አገልግሎት አይቶ አስተያየት እንዲያቀርብ በተቋቋመ ቡድን ውስጥ የነዋሪ ተወካይ ሆኜ ገብቻለሁ። ለእኛ የደረሰን የራጅ፣ የአልትራሳውንድና የሲቲ ስካን ክፍል ነው። ሕዝቡ የሚያማርረው በሦስት ነገር ነው። ማሽን ተበላሽቷል እየተባለ ወደ ግል ይላካል። ወረፋው ረጅም ነው። ደግሞም ሆስፒታሉ ያየው አልትራሳውንድና ግል የታየው አይገጥምም። ማሽኖቹን ቆጥረን፣ ለተገልጋዮች መጠይቅ በትነን፣ በመጨረሻ ኤምአርአይ ይገዛ ብለን ልንጽፍ አስበናል። የጤና ትምህርት የለኝም። አካሄዳችን ልክ ነው?»

ምላሽ፦

ልክ አይደለም። የማሽን ቆጠራው ብዙ ነገር አይነግራችሁም። መጠይቁ ግማሹን ብቻ ይነግራችኋል። የኤምአርአዩን (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳየውን ማሽን) ሐሳብ ደግሞ ከአሁኑ ተዉት፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ከቆጠራው ልጀምር። የምስል ምርመራ አገልግሎት ማለት ሐኪሙ ማዘዣውን ከጻፈበት ደቂቃ አንሥቶ ውጤቱ በጽሑፍ ተመልሶ እጁ እስኪገባና ሕክምናው እስኪወሰን ያለው መንገድ ሁሉ ነው። ማሽኑ እዚያ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ከዘጌ በጀልባ የመጡ እናት ዓርብ ከሰዓት ራጅ ተነሡ እንበል። ፊልሙን ይዘዋል፤ የሚያነብላቸው ግን የለም። እስከ ሰኞ ከተማ ውስጥ አልጋ ይዘው ይጠብቃሉ። በእናንተ ቆጠራ «ራጅ አለ፣ ይሠራል» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። ለእሳቸው ግን እስከ ሰኞ ድረስ አገልግሎት የለም። እንዲህ ያለ ክፍተት በቆጠራ አይታይም።

መጠይቁን አልጠላም። ሰው ስንት ሰዓት እንደቆመ፣ በአግባቡ እንደተስተናገደ፣ ልብሱን ሲያወልቅ መጋረጃ እንደነበረ፣ ምን ሊደረግለት እንደሆነ እንደተነገረው ከማንም በላይ ያውቃል። እነዚህን ጠይቁ። ምርመራው በትክክል ይነበብ አይነበብ ግን ተገልጋዩ ሊያውቅ አይችልም። ፈገግ ያለ ባለሙያ አጋጥሞት፣ ቶሎ ወጥቶ፣ በጣም ረክቶ የተሳሳተ ውጤት ይዞ የሚሄድ ሰው አለ። «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» የሚለውን ጥያቄ የጥራት ማረጋገጫ አድርጋችሁ እንዳትጽፉ።

እኔ የምመክረው ወረቀቱን እንድትከተሉ ነው። ካለፉት ወራት አንድ ሳምንት ምረጡ፤ የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ አትናገሩ። በዚያ ሳምንት መዝገብ ላይ በተከታታይ የሰፈሩ 50 ማዘዣዎችን ውሰዱ። ሌሊቱም፣ ቅዳሜና እሑዱም ይግባበት። እየዘለላችሁ አትምረጡ። ለእያንዳንዱ አራት ጊዜ ጻፉ፤ የታዘዘበትን፣ የተነሣበትን፣ ሪፖርቱ የተጻፈበትን፣ ሪፖርቱ ያዘዘው ሐኪም ዘንድ የደረሰበትን። በመካከላቸው ሦስት ክፍተት ታገኛላችሁ። ሦስቱም የሚናገሩት ለየቅል ነው።

ከታዘዘ እስኪነሣ ድረስ ብዙ ቀን ከሄደ ችግሩ ማሽን፣ የሰው ኃይል ወይም የቀጠሮ አያያዝ ነው። ከተነሣ በኋላ ሪፖርቱ ከዘገየ ምስሉን የሚያነብ ሰው አንሷል ወይም ተደራርቦበታል። ሪፖርቱ ተጽፎ ሐኪሙ ዘንድ ካልደረሰ ደግሞ ጣጣው የካርድ ክፍልና የወረቀት ዝውውር ነው። ይህን ሦስተኛውን ክፍተት ብዙ ጊዜ ማንም አያየውም። ለማስተካከል ርካሹ ግን እሱ ነው። አንዲት ዕቃ ሳይገዛ፣ ሪፖርት የሚያደርስ ሰውና የሚፈርምበት ደብተር በመመደብ ብቻ የታካሚን የቀናት እንግልት ማስቀረት ይቻላል።

አማካይ አታውጡ። አንድ ለ40 ቀን ተረስቶ የቆየ ወረቀት የሁሉንም ቁጥር ያበላሸዋል። ቀኖቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና መካከል ላይ ያለውን ጻፉ። ከጎኑ ደግሞ በጣም የዘገዩትን አምስቱን ለብቻ አውጡና እያንዳንዱ ለምን እንደዘገየ ጠይቁ። ብዙ ትምህርት የምታገኙት ከእነዚህ አምስቱ ነው። መዝገቡ ላይ ቀን እንጂ ሰዓት የማይጻፍ ከሆነም እሱ ራሱ ግኝት ነው፤ ሪፖርታችሁ ላይ ይግባ።

ድንገተኛውን ከቀጠሮው ጋር አትቀላቅሉ። በመኪና ወይም በባጃጅ አደጋ ጭንቅላቱ ተመትቶ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የገባ ሰው ሲቲው ተነሥቶ የተነበበው መቼ ነው? ግማሽ አካሏ ድንገት የዛለባት ሴትስ? እዚህ ላይ ሲቲው የሚነግረን ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈሷል ወይስ አልፈሰሰም የሚለውን ነው፤ ሕክምናው በዚያ ይለያያል። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለው ምርመራ ውጤቱ ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ለወራት የቆየ የወገብ ሕመም ግን ለቀናት ቢጠብቅ አይጎዳም። ሁለቱ አንድ ወረፋ ላይ ከተሰለፉ፣ ወረፋው አጭር ቢሆን እንኳ አሠራሩ ችግር አለበት።

መዝገብ የማያሳየው አንድ ነገር አለ፤ ታዝዞለት ሳይነሣ የሄደ ሰው። «የለም» ተብሎ ወደ ግል የተላከው ራጅ ክፍል መዝገብ ላይ ስሙ የለም። እሱን ለማግኘት ሐኪሞቹ ያዘዙትን ከካርድ ላይ ቆጥራችሁ ከተነሣው ጋር ማነጻጸር አለባችሁ። ልዩነቱን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ከሄዱት ውስጥ ግል ሄዶ ያስነሣው የተወሰነው ነው፤ ሌላው ብር አጥቶ ወደ ቀዬው ተመልሷል። የጤና መድን ያለው ሰው ከኪሱ ሲከፍል ምን እንደሚደረግለት፣ ደረሰኙን ለማን እንደሚያቀርብ የሚነግረው ሰው መኖሩንም አጣሩ። መድን እያለው በሽታውን ይዞ የሚመለስ ሰው ካለ፣ ከማሽኑ ብልሽት ባላነሰ መጻፍ ያለበት ጉዳይ ነው።

አሁን ማዘዣው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የሕክምና ቃላቱን ማወቅ አያስፈልጋችሁም። «የሆድ አልትራሳውንድ» ብቻ ነው የሚለው? ወይስ ዕድሜ፣ ምን እንዳመመው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሐኪሙ ምን እንደጠረጠረ ተጽፏል? ይህ የቢሮ ወግ እንዳይመስላችሁ። አልትራሳውንድ የሚያየው ሰው የሚፈልገውን ካላወቀ ብዙ ነገር ያልፈዋል። ለምሳሌ በጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ አለ። ለዓመታት ውኃ ውስጥ ቆሞ ዓሣ ያጠመደ ሰው ጉበቱ ውስጥ ባሉት የደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ሊሠራ ይችላል። ይህ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ግን በደንብ የሚታየው ለሚፈልገው ሰው ነው። ማዘዣው ላይ «ዓሣ አጥማጅ፣ ደም አስመልሶታል» የሚሉ ጥቂት ቃላት ቢኖሩ፣ ተመልካቹ ጉበቱ ላይ ይቆያል፣ ጣፊያውን ይለካል፣ ወደ ጉበት የሚገባውን ትልቁን የደም ሥር ስፋት ይጽፋል። «ሆድ» ብቻ ካለ ኩላሊቱንም፣ ሐሞቱንም፣ ሁሉንም በወፍ በረር አይቶ «ደህና ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ ከ50ው ማዘዣ ስንቱ ላይ የሕመሙ ታሪክ እንደተጻፈ ቁጠሩ። ብዙው ባዶ ከሆነ ጥፋቱ የምስል ክፍሉ አይደለም። ያዘዘው ሐኪም ነው፤ እሱም የሚጽፍበት ጊዜ ተሰጥቶት እንደሆነ ይጠየቅ።

በሩ ላይም ጥቂት ጊዜ ቁሙ። የአልትራሳውንድ ክፍል በር ላይ ጠዋት ጠዋት የሃይላንድ ውኃ ይዘው የሚጠጡ ሴቶች ታያላችሁ። ማሕፀን በሆድ በኩል ሲታይ ፊኛ መሙላት ስላለበት ነው። የሐሞት ከረጢት ሊታይ ከሆነ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምግብ ሳይበሉ መምጣት ያስፈልጋል፤ ከተበላ ከረጢቱ ይኮማተራል፣ ጠጠር ቢኖርም ሊሰወር ይችላል። ይህ ለታካሚው መቼ ይነገረዋል? ቀጠሮ ሲይዝ ወይስ ተራው ሲደርስ? ተራው ሲደርስ ከሆነ ቀኑ ባከነ። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ጉዳዩ ይብሳል። ጿሚዋ ምግብ ስላልበላች ለሐሞት ምርመራ ተዘጋጅታለች። ውኃም ስላልቀመሰች ግን ለማሕፀን ምርመራ ፊኛዋ ባዶ ነው፤ ከቅዳሴ በፊት ጠጪ ብትባልም እሺ አትልም። መፍትሔው ቀላል ነው። አስቸኳይ ካልሆነ በጾም ወራት የማሕፀን አልትራሳውንድ ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ ይሁን። ይህን ያሰበበት ክፍል ካገኛችሁ ሰዎቹ ተገልጋያቸውን ያውቃሉ ማለት ነው።

ራጅ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው። የደረት ራጅ ሊነሣ የቆመ ሰው አንገቱ ላይ የብር መስቀል ወይም በብረት የታሸገ ክታብ ካለ ምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሥሩ ያለው ሳንባ አይታይም። እንደገና መነሣት አለበት። የማተቡ ክር አያስቸግርም፤ ብረቱ ነው የሚያስቸግረው። ሰው ማተቡን ሲያወልቅ እንደሚከፋው አውቆ «መስቀልዎን ወደ ጀርባ ያዙሩልኝ» ማለትም አይጠቅምም፤ ጨረሩ በጀርባም ያልፋልና ምስሉ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ክሩን ወደ አገጭ ከፍ አድርጎ መስቀሉን ከደረት ላይ ማንሣት ግን ይቻላል። ጥሩ ባለሙያ እንዲህ ያደርጋል።

ስንት ምስል ተበላሽቶ በድጋሚ እንደተነሣ ጠይቁ። በዲጂታል ራጅ በሌላው ዓለም የተለመደው መመዘኛ ከ100 ምስል 8 ያህል ድጋሚ ነው፤ ከ10 ካለፈ ምክንያቱ ይመረመራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ይህን ቁጥር ባለሙያ ለመቅጫ አታድርጉት። ያን ቀን ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል። የተበላሸ ምስል «ይበቃል» ተብሎ ያልፋል ወይም ሳይመዘገብ ይጠፋል፤ የሚጎዳው ታካሚው ነው።

«ማሽን ተበላሽቷል» ወደሚለው እንምጣ። ይህ ቃል በጣም ብዙ ነገር ይሸፍናል። መብራት ጠፍቶ ይሆናል። የኃይል መጠበቂያው ባትሪ ሞቶ ይሆናል። የክፍሉ ኤሲ ቆሞ ሲቲው ሞቆ ራሱን አጥፍቶ ይሆናል። የጨረር ቱቦው ዕድሜውን ጨርሶ ይሆናል። ማሽኑ ደህና ሆኖ የፊልም ማተሚያው ወይም ፊልሙ አልቆ ይሆናል። ለሲቲ የሚወጋው፣ ምስሉን የሚያጎላው ኮንትራስት መድኃኒት አልቆ ይሆናል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ፈቃድ ላይ ሆኖም ይሆናል። ለታካሚው ሁሉም አንድ ነው፤ «ዛሬ የለም» ነው። ለእናንተ ግን አንድ ሊሆን አይገባም። የባትሪውን ችግር ሆስፒታሉ ራሱ ሊፈታው ይችላል። ቱቦው ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነው፤ የውጭ ምንዛሪና የጨረታ ሂደት ይጠይቃል። ፈቃድ ላይ ላለ ሰው ምትክ ማጣት የአስተዳደር ጉድለት ነው።

ስለዚህ የባዮሜዲካል ክፍሉን፣ ማለትም የሕክምና መሣሪያ ጥገና ክፍሉን፣ ደብተር ጠይቁ። በእያንዳንዱ ብልሽት ፊት ማሽኑ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ፣ ምኑ እንደተጎዳ፣ ለማን እንደተነገረ፣ መቼ መልስ እንደተገኘ፣ መቼ ሥራ እንደጀመረ መጻፍ አለበት። ደብተር ከሌለ ማንም ስለ ማሽኑ በእርግጠኝነት መናገር አይችልም። ለእያንዳንዱ ትልቅ ማሽን የጥገና ውል መኖሩንና የሚያበቃበትን ቀንም ጠይቁ። ማሽን ተገዝቶ ዋስትናው ሲያልቅ የጥገና ውል ሳይገባ መቅረቱ በታዳጊ አገሮች ሆስፒታሎች የታወቀ በሽታ ነው። በእርዳታ የሚመጣ ማሽን ደግሞ አንዳንዴ ያለ መመሪያ መጽሐፍና ያለ መለዋወጫ ይመጣል፤ አንዳንዴም በ110 ቮልት የሚሠራ ሆኖ ይገኛል፤ ለእኛ 220 አይመችም። ጥግ ላይ ላስቲክ ለብሶ የቆመ ማሽን ካያችሁ ታሪኩን ጠይቁ። በዕቃ ዝርዝሩ ላይ «አለ» ተብሎ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል።

የአልትራሳውንዱ አለመግጠም የብዙ ሰው ጭንቀት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ሁለት ውጤት ተለያየ ማለት አንዱ የግድ ተሳስቷል ማለት አይደለም። የመንግሥቱ ማሽን አሮጌ ስለሆነ ነው ማለትም አይደለም። አልትራሳውንድ ከሌሎቹ በተለየ በሚያየው ሰው እጅ ላይ ይመሠረታል። የታካሚው ሆድ በጋዝ ከተነፋ፣ ጠግቦ ከመጣ፣ ወፍራም ከሆነ አንዳንድ ነገር አይታይም። በሁለቱ ምርመራዎች መካከል ቀናት ካለፉም በሽታው ራሱ ተለውጦ ይሆናል፤ ትርፍ አንጀት ጠዋት ሳይታይ ማታ ሊታይ ይችላል።

በጣም የሚያጨቃጭቀው የእርግዝና ቀን ነው። እናትየው መጀመሪያ አካባቢ ስትታይ አንድ የመውለጃ ቀን ይነገራታል። ስምንተኛ ወር ላይ ሌላ ቦታ ስትታይ ሁለት ሳምንት ይለወጣል። ቤተሰቡ «አንዱ ዋሽቶናል» ይላል። ማንም አልዋሸም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚደረግ መለካት የሚስተው ቢበዛ አንድ ሳምንት ያህል ነው፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም 3 ሳምንት ሊስት ይችላል፤ ጽንሶች በመጠን ስለሚለያዩ ነው። የሚጸናው የመጀመሪያው ቀን ነው። ኋላ የተለካው መጠን የሚጠቅመው ጽንሱ በደንብ እያደገ መሆኑን ለማየት እንጂ ቀን ለመቀየር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሁሉ ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንድታገኝ የመከረው ለዚህም ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ከጠፋ ግን የሚጸና ቀን የለም። ስለዚህ ቡድናችሁ «ውጤቶቹ ለምን ተለያዩ?» ከሚል ይልቅ «የመጀመሪያው ውጤት በጽሑፍ ተሰጥቷታል ወይ? ካርዷ ላይ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሪፖርቱ ራሱ ነው። «ደህና ነሽ» ተብሎ በቃል የተነገረ ነገር ሪፖርት አይደለም። ፊልምም ብቻውን ሪፖርት አይደለም። ሪፖርት ማለት ቀን ያለበት፣ ምን እንደታየና ምን እንዳልታየ የሚናገር፣ ያነበበው ሰው ስምና ፊርማ ያለበት ጽሑፍ ነው። ከ50ው ስንቱ እንዲህ ያለ ሪፖርት እንዳለው ቁጠሩ። ያነበበው ራዲዮሎጂስት (የምስል ምርመራ ስፔሻሊስት ሐኪም) ነው፣ ጠቅላላ ሐኪም ነው ወይስ የራጅ ባለሙያ? እያንዳንዱን ምስል ራዲዮሎጂስት ያንብበው አልልም፤ በአገራችን የባለሙያ ቁጥር አይቻልም። የጣት ስብራት ጠቅላላ ሐኪም ያነበዋል። ማን ምን እንደሚያነብና ሲጠራጠር ለማን እንደሚያሳይ ግን በጽሑፍ መቀመጥ አለበት።

ዛሬ ዛሬ ተረኛው ሐኪም ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ለስፔሻሊስቱ ይልካል። አልኮንነውም፤ ሌሊት ላይ ነፍስ ያተረፈበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ፎቶው ቀጭን የአጥንት ስንጥቅ ወይም ከሳንባ አምልጦ ደረት ውስጥ የገባ ትንሽ አየር ሊሰውር ይችላል፤ የታካሚው ስምም አብሮ ይሄዳል። መልሱም ካርድ ላይ ሳይጻፍ ስልክ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ከተሠራ ስም ይሸፈን፣ መልሱ የዚያኑ ሌሊት ካርድ ላይ ይጻፍ፣ ጠዋት ዋናው ምስል ይታይ። ዲጂታል ማሽን ባለበት ደግሞ ምስሉን ሳይቀንስ በኔትወርክ ለሌላ ሆስፒታል አንባቢ መላክ ይቻላል፤ ኢንተርኔቱ ካልተቋረጠ።

ስለ ጨረር ሁለት ስሕተት እሰማለሁ። አንደኛው ሁሉም ምርመራ ጨረር አለው የሚለው ነው። አልትራሳውንድ የድምፅ ሞገድ ነው፤ ኤምአርአይ ማግኔት ነው። የኤክስሬይ ጨረር ያለው ራጅና ሲቲ ላይ ነው። ሁለተኛው የራጅና የሲቲ መጠን አንድ ነው የሚለው ነው። የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ቢደርስ ነው። አንድ ሰው ከአፈርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚያገኘው በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ነው። የሆድ ሲቲ ግን 8 አካባቢ ነው፤ የሦስት ዓመት ተፈጥሯዊ ጨረር ማለት ነው። የሚያስፈልገው ሰው ይህን ፈርቶ አይቅር። ሳያስፈልግ «ለማንኛውም» ተብሎ መታዘዝ ግን የለበትም። እናንተ ክፍሉ ውስጥ የምታዩት ይህን ነው፤ ራጅ ሲነሣ በሩ ይዘጋል? ማስጠንቀቂያ መብራቱ ይበራል? ባለሙያዎቹ ደረታቸው ላይ የጨረር መለኪያ አለ? መለኪያውስ ለንባብ ይላካል ወይስ ጌጥ ሆኖ ቀርቷል? በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ሁሉ ከመነሣቷ በፊት እርጉዝ መሆኗን ትጠየቃለች? ልጇን ደግፋ የምትይዝ እናት ሊድ አፕሮን የሚባለውን ከባድ ሽርጥ ትለብሳለች? ኮንትራስት ለሚወጋው ሰውስ የኩላሊት ምርመራው ይታያል፣ የስኳር መድኃኒት ይወስድ እንደሆነና ከዚህ በፊት አለርጂ ገጥሞት እንደሆነ ይጠየቃል?

ኤምአርአይ። ኤምአርአይ ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ለአንጎል፣ ለኅብለ ሰረሰር፣ ለመገጣጠሚያ አቻ የለውም። ሁሉን ያሳያል የሚለው ግን ስሕተት ነው። ለአጣዳፊ የጭንቅላት ደም መፍሰስ ሲቲው ይቀድማል። ለሐሞት ጠጠርና ለእርግዝና አልትራሳውንዱ ይቀድማል። አብዛኛው ሰው ኤምአርአይ የሚመኝለት የወገብ ሕመም ደግሞ፣ የእግር መዛል፣ ሽንት መያዝ አለመቻል፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የካንሰር ታሪክ ወይም አደጋ ከሌለበት በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ምንም ምስል አያስፈልገውም። ምንም ሕመም የሌላቸው የ50 ዓመት ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሡ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዲስካቸው ወጣ ብሎ ይታያል። ያ ወረቀት ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ያደርገዋል።

ወጪውም የግዢው ብቻ አይደለም። በሆስፒታሎች የተለመደው የኤምአርአይ ማግኔት ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ቀዝቅዞ ነው የሚኖረው። ማቀዝቀዣው ቀንና ሌሊት መብራት ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ከቆመ ሂሊየሙ ተንኖ ያልቃል፤ መልሶ መሙላት ከፍተኛ ገንዘብ ነው። ክፍሉ ራሱ በልዩ መከላከያ ይታጠራል። ማግኔቱ ማሽኑ ሥራ ላይ ባይሆንም ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2001 በኒው ዮርክ ግዛት ክፍሉ ውስጥ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር ተስቦ አንድ የ6 ዓመት ልጅ ገድሏል። አንድ ሰው ለማንሣት ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል፤ ወረፋን አያሳጥርም። የሲቲው ባትሪ የሚቀየርለት ያጣ፣ የራጅ ሪፖርት በሰዓቱ የማይጽፍ ሆስፒታል ኤምአርአይ ቢገባለት ሌላ «ተበላሽቷል» የሚባል ክፍል ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከምርመራ ችግሮች ከ70 እስከ 80 በመቶው በራጅና በአልትራሳውንድ ይፈታል። ብሩ መጀመሪያ ወደዚያ ይሂድ። ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ኤምአርአይ ካለው ተቋም ጋር የሪፈር ስምምነትና ግልጽ የክፍያ መንገድ ማዘጋጀት ይቻላል።

የቡድናችሁን ገደብም ልንገራችሁ። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ያለ ሕክምና ትምህርት ይሠራል። ንባቡ ትክክል መሆኑን ግን መመዘን አትችሉም፤ አትሞክሩትም። ለዚያ ከ50ው ውስጥ ጥቂቶቹን ስም ሸፍኖ ሌላ ሆስፒታል ያለ ራዲዮሎጂስት የመጀመሪያውን ሪፖርት ሳያይ እንዲያነባቸው አስተዳደሩን ጠይቁ። ሁለቱ ንባቦች ጎን ለጎን ይታዩ። እዚህም ላይ ግቡ ሰው ማጋለጥ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ስሕተት ይደጋገም እንደሆነ ማወቅ ነው። ሁለት ጥሩ ባለሙያዎችም በአንዳንድ ምስል ላይ አይስማሙም።

ስለዚህ ሪፖርታችሁ ላይ «ኤምአርአይ ይገዛ» የሚለውን አውጡት። በምትኩ ሦስት ነገር በጥብቅ ጠይቁ። ለድንገተኛና ለቀጠሮ ምርመራ ለየብቻ የሪፖርት ጊዜ ገደብ ይቀመጥ፤ በየወሩም ተለክቶ በሩ ላይ ይለጠፍ። ያሉት ማሽኖች የብልሽት ደብተርና የጥገና ውል ሳይኖራቸው አዲስ ማሽን አይገዛ። የሕመም ታሪክ ያልተጻፈበት ማዘዣ ድንገተኛ ካልሆነ ላዘዘው ሐኪም ይመለስ፤ የሚመልሰው ሠራተኛው ነው እንጂ ታካሚው ላይ ታች አይበል። አንዱን ብቻ ምረጡ ብትባሉ የመጀመሪያውን ያዙ፤ ጊዜው መለካት ከጀመረ የሌሎቹ ጉድለት ተከትሎ ይወጣል።

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ከሆስፒታሉ የጽሑፍ ፈቃድ ውሰዱ። ደብተራችሁ ላይ የታካሚ ስም አትጻፉ፤ የራሳችሁን ተራ ቁጥር ስጡና ካርዶቹን እዚያው አይታችሁ መልሱ። የመጀመሪያ ቀናችሁን ደግሞ ለእሑድ ሌሊት ተረኛ መዝገብ ስጡ።